የድሮ የብር ሳንቲም ስትገዙ፦ ማርትሬዛ፣ የምኒልክ ብር፣ የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም ወይስ የአሜሪካ ኳርተር?

የድሮ ሳንቲም ገበያ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቆ ይሸጣል። አንዱ ውስጡ ያለው ብር ነው። ሌላው ዕድሜው፣ ታሪኩና ውበቱ ነው። ሻጩ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ አንድ ዋጋ ይጠራል። ገዢው የቱን እየገዛ እንደሆነ ሳይለይ ይከፍላል።

እዚህ የምናየው ብሩን ነው። ታሪኩን የሚወድ ሰውም ብሩን አስቀድሞ ካሰላ፣ ለታሪኩ ስንት እየጨመረ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ በኋላ መጨመሩ የራሱ ምርጫ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ከመንገድ እናስወግድ። ነጭ ሳንቲም ሁሉ ብር አይደለም። 1969 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለባቸው የደርግ ዘመን 25 እና 50 ሳንቲሞች መዳብና ኒኬል ናቸው። ብር የለባቸውም። «የድሮ ነው፣ ነጭ ነው» ተብሎ በብር ዋጋ የሚሸጥላችሁ ካለ አመስግናችሁ እለፉ።

መለኪያዎቹ

ዋናው መለኪያ ንጹሕ ብር በግራም ነው። የሳንቲሙን ክብደት በጥራቱ ታባዛላችሁ፣ አለቀ። 28.07 ግራም የሚመዝን፣ ጥራቱ 833 የሆነ (ከሺህ 833 እጁ ብር ማለት ነው) ሳንቲም 28.07 × 0.833 ነው። ወደ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር ይመጣል። ቀሪው መዳብ ነው። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረው በአውንስ ስለሆነ፣ የአንዱን አውንስ ዋጋ ለ31.1 ስታካፍሉት የግራሙን ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው፣ ቤት ውስጥ ምን ያህል ማጣራት ይቻላል የሚለው ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከጥራት ቁጥሩ በላይ የማየው ይህንን ነው። 900 ነው ተብሎ የተሸጠ ፎርጅድ ከ700 ኦርጅናል አይሻልም።

ሦስተኛው ከብሩ ዋጋ በላይ የሚጠየቀው ጭማሪ ነው። አራተኛው መልሶ መሸጥ ነው፦ ማን ይገዛችኋል፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ መሸጥስ ትችላላችሁ ወይ?

ማርትሬዛ

ጠገራ ብር የምንለው ነው። በ1 ሳንቲም 28.07 ግራም ይመዝናል፣ ጥራቱ 833 ነው፣ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ይሆናል። የወርቅ መለኪያችን ወቄት ራሱ የአንድ ማርትሬዛ ክብደት ነው። ስለዚህ ወርቅ ቤት ሄዳችሁ አንድ ማርትሬዛ ብታስመዝኑ ባለሙያው ምን ማየት እንዳለበት ያውቃል።

በጣም የሚያሳስተው ዓመቱ ነው። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱት በዚያ ዓመት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላም ሳንቲሙ በዚያው ዓመት ሲመታ ኖሯል። በቪየና ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ሮም ላይ ተመትቷል። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ላይም ተመትቷል። ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። ስለዚህ «የ1780 ኦርጅናል ነው፣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» የሚለው ወሬ ተጨማሪ የሚያስከፍል ነገር አይደለም። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፣ እሱም ሳንቲሙን አንብቦ ነው የሚናገረው።

ደስ የሚለው ግን የትም ይመታ ደረጃው ያው መሆኑ ነው። ለብሩ ብላችሁ ከገዛችሁ የሮሙ ከቪየናው አይበልጥም፣ አያንስም። ከተማቸውን በጥቃቅን ምልክት ለይተው የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እናንተ ከእነሱ ካልሆናችሁ በግራም ሂሳብ ክፈሉ።

የድሮ ሰው ማርትሬዛ ሲቀበል ጌጧ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ያያል። የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ከሆነ ይመልሳል። ይህ ልማድ ዛሬም ይሠራል። በደንብ የተመታ ማርትሬዛ ላይ ዕንቁዎቹ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይታያሉ። በሻጋታ የተቀዳ ፎርጅድ ላይ ግን ተያይዘው እንደ ቀለጠ ሰም ይሆናሉ። ከደረቷ በታች ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ። ጠርዙ ላይም ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር አለ። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም እንደ ዘመኑ ሳንቲም ጥርስ ብቻ ካለው ተጠራጠሩ።

ሌላ የሚያጋጥም ነገር አለ። ማርትሬዛ የአንገት ጌጥ ስለነበር ብዙው ተበስቷል ወይም ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበታል። ቀዳዳው ትንሽ ክብደት ይወስዳል። ብየዳው ግን ክብደት ይጨምራል፣ የተጨመረው ደግሞ ብር ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ማንጠልጠያ ያለውን ማርትሬዛ በጠቅላላ ክብደቱ አትግዙ። ሙሉ ክብደቱ 28.07 መሆኑን ስለምታውቁ፣ ሚዛኑ 30 ካለ ከዚያ በላይ ያለው የማንጠልጠያው ነው። በማርትሬዛ ሂሳብ አትክፈሉበት።

መልሶ መሸጥ ላይ ማርትሬዛን የሚያክለው የለም። ብር አንጥረኛውም፣ የስጦታ ዕቃ ነጋዴውም ይገዛዋል። የመንም፣ ኦማንም ገበያ ላይ ይታወቃል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ፣ ሙስካት የመጥራህ ገበያ ውስጥ ከኛው ማርትሬዛ ጋር ብትገናኙ አይግረማችሁ።

የምኒልክ ብር

ፓሪስ ላይ የተመታ፣ አንበሳውና የአፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ነው። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ጥራቱ 835 ነው። ንጹሕ ብሩ 23.44 ግራም ይመጣል። ከማርትሬዛ የሚበልጠው በ0.05 ግራም ነው። የታሰበውም በገበያው ላይ ማርትሬዛን እንዲተካ ስለነበር፣ መመሳሰሉ ድንገት አይደለም። ሕዝቡ ግን የለመደውን ማርትሬዛ አልለቅም ብሎ ሁለቱ አብረው ኖሩ።

አሁን ሂሳቡን እንይ። ለመቁጠር እንዲቀል ብቻ አንድ ግራም ንጹሕ ብር 2 ዶላር ነው እንበል። የዛሬውን ዋጋ ራሳችሁ ተኩበት። ማርትሬዛው 46.78 ዶላር የሚያወጣ ብር አለው። የምኒልኩ 46.88። ልዩነቱ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ሻጩ የምኒልኩን 150 ዶላር ካለ፣ ከመቶ ዶላር በላይ የሚጠይቃችሁ ለምኒልክ ነው፣ ለብር አይደለም። ይህ ስህተት ነው አልልም። ቁጥሩ ያነሰ፣ የኛው ታሪክ የተጻፈበት ሳንቲም ነው። ብቻ «ብሩ ስለሚበልጥ ነው» ካላችሁ አትመኑት።

ዝርዝሮቹም አሉ። አላዱ (ግማሽ ብር) 14.04 ግራም፣ ሩቡ 7.02 ግራም፣ ግርሹ 1.40 ግራም ይመዝናሉ። ሁሉም 835 ናቸው። ንጹሕ ብራቸው በቅደም ተከተል 11.72፣ 5.86 እና 1.17 ግራም ነው። ግርሽ ለብሩ ብሎ የሚገዛ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባም። አንድ ግራም ለምታክል ብር የሚጠየቀው ጭማሪ ከብሩ ብዙ እጥፍ ነው። ለስብስብ ግን ርካሽ መግቢያ ትሆናለች።

ፎርጅዱ የሚበዛው እዚህ ነው። ጭማሪው ትልቅ በሆነበት ሁሉ አስመሳይ ይበዛል። የምኒልክን ብር ሳትመዝኑ አትግዙ። ደግሞም አታጽዱት። ሎሚና አመድ ይዞ የሚያሻሽ ሰው ብሩን ያነጣዋል፣ ሰብሳቢ የሚከፍልበትን የቆየ ገጽታ ግን ያጠፋዋል። ማርትሬዛን ለብሩ ከያዛችሁት ቢታሽም ብዙ አይጎዳችሁም። የምኒልኩ ግን ዋጋው የሚወርደው በእናንተው እጅ ነው።

የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም

በትንሽ ገንዘብ ብር መያዝ ለሚፈልግ በጣም የምወደው ይህንን ነው። በጣም የሚያወናብደውም እሱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ዝርዝሮቹ መዳብ ነበሩ። የብሩ ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነበር። የተመታው አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ነው። ብሩንም የሰጠችው አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን ብድር ነው። መጀመሪያ 30 ሚሊዮን ሳንቲም በ800 ጥራት ተመታ። በ1947 (በፈረንጅ) ደግሞ ሌላ 20 ሚሊዮን ገደማ ተመታ፣ ግን ጥራቱ ወደ 700 ወረደ። ችግሩ፦ ሁሉም ላይ የተጻፈው 1936 (ዓ.ም.) ነው። ክብደታቸውም አንድ ነው፣ 7.03 ግራም። በዓይን አይለዩም።

የ800ው 5.62 ግራም ንጹሕ ብር አለው። የ700ው 4.92 ግራም። በአንዷ ሳንቲም ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ሃያ ሳንቲም ስትገዙ ግን 112.5 ግራም ወይስ 98.4 ግራም የሚል ጥያቄ ይሆናል። 14 ግራም ማለት የሦስት ሳንቲም ያህል ብር ነው። የኔ ምክር አጭር ነው፦ ሁሉንም 700 አድርጋችሁ ቁጠሩ፣ በዚያ ተከራከሩ። ከመሃላቸው 800 ከወጣ ትርፉ የእናንተ ነው።

እዚህ ጋ ከምኒልክ ሩብ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሩቡ 7.02፣ ሃምሳ ሳንቲሙ 7.03 ግራም ነው። ሚዛን ላይ አንድ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ግን 5.86፣ 5.62 ወይም 4.92 ነው። ክብደት ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላ የቆየ ተንኮል አለ። በዚያው ዘመን የወጣው ክቡ 25 ሳንቲም መዳብ ሲሆን መጠኑ ከሃምሳው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ሰው ብር ቅብ እየቀባ ሃምሳ ነው ብሎ ያሳልፈው ጀመር። በዚህ የተነሳ 25 ሳንቲሙ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተገባ ሆኖ ተሠራ። ዛሬም በከረጢት የሚሸጥ የሃምሳ ሳንቲም ክምር ውስጥ ቅቡ የተላጠ ቀይ ሳንቲም ከወጣ፣ ያ የአያቶቻችን ዘመን ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን ማንበብ ነው፣ በቃ።

የጣልያን ታለሮ

ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በኤርትራ ቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው፣ የኡምቤርቶ ምስል ያለበት የ5 ሊሬ ታለሮ ነው፦ 28.125 ግራም፣ ጥራቱ 800፣ ንጹሕ ብሩ 22.5 ግራም። ሁለተኛው በ1918 (በፈረንጅ) የወጣው ማርትሬዛን የሚመስለው ነው፦ 28.07 ግራም፣ 835፣ ወደ 23.44 ግራም። ማርትሬዛ ላይ ለመፎካከር የወጡ ነበሩ፣ ሕዝቡ ግን ፊቱን አዞረባቸው። ለብር ብላችሁ አትፈልጓቸው፣ ሰብሳቢ ስለሚፈልጋቸው ጭማሪያቸው ከፍ ይላል። ከቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ከወጡ ግን ለአንጥረኛ ከመስጠታችሁ በፊት ሰብሳቢ አሳዩ።

የአሜሪካ ሳንቲም፣ እዚያ ለምትኖሩ

አሜሪካ የምትኖሩ አበሾች ለብር ብላችሁ ማርትሬዛ ከምታሳድዱ ይሄኛው ይቀላችኋል። 1964 እና ከዚያ በፊት የሚል ዓመት ያለባቸው ዳይም፣ ኳርተርና ሃምሳ ሳንቲም 900 ጥራት ብር ናቸው። ንጹሕ ብራቸው 2.25፣ 5.625 እና 11.25 ግራም ነው። ከ1965 እስከ 1970 ያለው የኬኔዲ ሃምሳ ሳንቲም 400 ብቻ ነው፣ 4.6 ግራም ብር አለው። ከ1965 ወዲህ ለመገበያያ የወጣው ዳይምና ኳርተር፣ ከ1970 በኋላ የወጣው ሃምሳ ሳንቲምም ብር የለበትም።

የሚገርመው የድሮው ኳርተር ብር ከጃንሆይ 800 ሃምሳ ሳንቲም ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ኳርተሩ ላይ ዓመቱ የሚዋሽበት መንገድ አለመኖሩ ነው። 1964 ካለ 900 ነው። ጠርዙን ስታዩም ብሩ ወጥ ነጭ ነው፣ አዲሱ መሐሉ ላይ ቀይ መስመር አለው። ሳንቲም ሱቆች የሚሸጡት በፊቱ ዋጋ ነው፦ «1 ዶላር ፊት» ማለት አራት ኳርተር ወይም አሥር ዳይም ነው። አዲስ ሲሆን 22.5 ግራም ብር ነው። ያለቀ ስለሆነ ነጋዴው 22.2 ገደማ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ቤት ውስጥ ማጣራት

ማግኔት ሞክሩ፣ ግን አትመኑት። ብረት ካለበት ይይዘዋል፣ መዳብ፣ ኒኬልና ነሐስ የተቀየጠው ፎርጅድ ግን አይያዝም። ስለዚህ ማግኔት «ብር ነው» አይልም፣ «ብረት ነው» ማለት ብቻ ይችላል።

የሚያስተማምነው የውኃው ዘዴ ነው። እስከ 0.01 ግራም የምታነብ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይበቃል። መጀመሪያ ሳንቲሙን መዝኑ። ከዚያ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ታቹንም ግድግዳውንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያነበውን ጻፉ። የመጀመሪያውን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ማርትሬዛና የምኒልክ ብር 10.2 ገደማ መስጠት አለባቸው። ማለትም ሚዛኑ ውኃ ውስጥ 2.75 አካባቢ ያነባል። 28 ግራም የመዳብና ኒኬል ፎርጅድ ከሆነ ግን 3.15 አካባቢ ያነባል፣ ውጤቱም 8.9 ይሆናል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ለክርክር አይተርፍም።

የሃምሳ ሳንቲሙን 800 ከ700 ለመለየትም ይሄው ዘዴ ይሠራል። ግን በአንድ ሳንቲም አይሆንም፣ ልዩነቱ ለሚዛናችሁ በጣም ትንሽ ነው። ሃያውን አንድ ላይ በክር መረብ አድርጉ። የ800ው 10.14፣ የ700ው 9.98 ገደማ ይሰጣል። ከመሃል ከወደቀ ተደባልቀዋል ማለት ነው። ሳንቲሞቹ መካከል የአየር አረፋ ካለ ውጤቱ ይበላሻልና በደንብ አነቃንቁት።

አሲድ ጠብታ ለአንጥረኛ ተዉት። የምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ማንም እንዳያንጠባጥብባችሁ።

በአንድ ላይ ሲታይ

| ሳንቲም | ክብደት (ግራም) | ጥራት | ንጹሕ ብር (ግራም) | ማጣራት | ከብሩ በላይ ጭማሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማርትሬዛ | 28.07 | 833 | 23.39 | ቀላል | ዝቅተኛ |
| የምኒልክ ብር | 28.075 | 835 | 23.44 | መካከለኛ፣ ፎርጅድ ይበዛል | ከፍተኛ |
| የምኒልክ አላድ | 14.04 | 835 | 11.72 | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የምኒልክ ሩብ | 7.02 | 835 | 5.86 | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የምኒልክ ግርሽ | 1.40 | 835 | 1.17 | አስቸጋሪ | በጣም ከፍተኛ |
| የጃንሆይ 50 ሳንቲም (የመጀመሪያው) | 7.03 | 800 | 5.62 | በዓይን ከ700ው አይለይም | ዝቅተኛ |
| የጃንሆይ 50 ሳንቲም (የ1947) | 7.03 | 700 | 4.92 | በዓይን ከ800ው አይለይም | ዝቅተኛ |
| የኤርትራ ታለሮ | 28.125 | 800 | 22.50 | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የ1918 ታለሮ | 28.07 | 835 | 23.44 | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የአሜሪካ ኳርተር እስከ 1964 | 6.25 | 900 | 5.625 | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ |
| የኬኔዲ 50 ሳንቲም 1965–1970 | 11.5 | 400 | 4.60 | ቀላል | ዝቅተኛ |

ክብደቶቹ አዲስ ሲሆኑ ያለው ነው። እጅ ለእጅ ሲዞር የኖረ ሳንቲም ያልቃል። 27.5 ግራም የወረደ ማርትሬዛ ንጹሕ ብሩ 22.9 ብቻ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ይዛችሁ አትክፈሉ፣ መዝኑና በጥራቱ አባዙ።

ለማን የቱ ይሻላል?

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነና ብር መያዝ ብቻ ከፈለጋችሁ፣ አገር ቤት የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም በ700 ሂሳብ። ትንሽ ስለሆነ ሲቸግር አንድ ሁለቱን ብቻ አውጥቶ መሸጥ ይቻላል። አሜሪካ ከሆናችሁ ኳርተርና ዳይም።

ገንዘቡ ከፍ ካለና በቀላሉ የሚሸጥ ነገር ከፈለጋችሁ ማርትሬዛ። ያልተበሳ፣ ያልተበየደ፣ ጠርዙ የሚነበብ ይሁን። አሥር ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን በውኃ ሞክሩ። ሻጩ ይሄን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ አለ።

ለልጅ፣ ለሙሽራ ወይም ለቤት መታሰቢያ ከሆነ የምኒልክ ብር። እዚህ ላይ የግራም ሂሳብ እንዳያስጨንቃችሁ፣ ግን ፎርጅድ መሆን አለመሆኑን ከማጣራት አትቦዝኑ። ቸርችል ጎዳና ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ላይ ኦርጅናልም አስመሳይም ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። አስመሳዩን እንደ ጌጥ በጌጥ ዋጋ መግዛት ምንም አይደለም፣ በኦርጅናል ዋጋ ነው እንጂ ችግሩ።

ጌጥ ለማሠራት ብር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከምኒልክ ብር ይልቅ ያለቁና የተበሱ ማርትሬዛዎችን ለአንጥረኛው ስጡት። 833 ጥራት ከ925ው ጌጥ ስለሚያንስ ንጹሕ ብር እንዲጨምርበት ጠይቁት፣ አለበለዚያ «925 ነው» የሚለውን አትቀበሉ።

ውጭ አገር ይዞ መሄድ ላሰበ ሰው ደግሞ፣ ከመግዛቱ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም። የድሮ ሳንቲማችሁ በዚያ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚወስነው ሻጩ አይደለም። ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ፣ ጠይቁ፣ ወረቀት ያዙ። «ቦሌ ላይ ማንም አያይህም» የሚል ሻጭ፣ ሻንጣው ሲከፈት አጠገባችሁ አይቆምም።